ከብዙ ዓመት በፊት የጠፋን ልጅ እንዴት መፈለግ ይቻላል

ልጅ በጠፋበት ሳምንት የሚሠራው ሥራና ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት መናኸሪያ መሮጥ፣ ፎቶ መበተን፣ በሬዲዮ ማስነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በሁለት ዓመቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ ግን ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ጎልማሳ ነው። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ የእናቱን ቋንቋ አይሰማ ይሆናል፣ የሕፃንነት ፎቶውን ቢያሳዩት ራሱን አያውቅም። ያልተለወጡት ዘረመሉና ጥቂት የሰውነት ምልክቶቹ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ የወላጆች ዲኤንኤ፣ ቀጥሎ የቤተሰቡ ትዝታ በጽሑፍ፣ ከዚያ መዝገብ፣ በመጨረሻ ፌስቡክና ቲክቶክ። አብዛኛው ቤተሰብ ከመጨረሻው ይጀምራል። የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ልጥፍ ዘርግፎ ካበቃ በኋላ «ልጅዎ እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሲደውል፣ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት አንድም ነገር በእጁ አይቀርም።

ዲኤንኤ ለምን እንደሚቀድም ሁለት የአሜሪካ ጉዳዮች በደንብ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ሕፃን ለሞግዚትነት የተቀጠረች ሴት ይዛት ጠፋች። ከ51 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ታይታለች የሚል ጥቆማ መጣና ቤተሰቡ ወደዚያ አተኮረ። ጥቆማው ስሕተት ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአባትየው ምርመራ ከልጅቱ ልጆች ውጤት ጋር ገጠመ፤ ሴትዮዋ አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው እዚያው ፎርት ወርዝ ነበር። ልብ ይበሉ፦ ለመገናኘት እሷ ራሷ እስክትመረመር መጠበቅ አላስፈለገም፣ ልጆቿ በቂ ነበሩ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1951 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ከሚገኝ መናፈሻ የተወሰደ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የእህቱ ልጅ ለራሷ ስትመረመር ዘረመሏ ከማታውቀው ሰው ጋር 22 በመቶ ገጠመ። ከዚያ የኦክላንድ ቤተ መጻሕፍት ገብታ የዘመኑን ጋዜጣ በማይክሮፊልም አገላበጠች፣ ፎቶዎችን አመሳከረች፣ ለፖሊስም ወሰደች። አጎቷ እ.ኤ.አ. በ2024 ተገኘ። እናቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 አርፈው ነበር።

ምራቅ የሚሰጡት እነማን ናቸው

እናትና አባት በሕይወት ካሉ ሁለቱም ይመርመሩ። አንዱ ብቻ ካለ እሱና ከዚያው እናትና አባት የተወለደ አንድ ልጅ። ሁለቱም ከሌሉ የሚቻለውን ያህል ወንድምና እህት፤ እያንዳንዱ ከወላጆቹ የወረሰው የተለያየ ግማሽ ስለሆነ ሁለት ወንድማማች ከአንዱ የተሻለ ይሸፍናሉ። ቀጥሎ አጎትና አክስት ናቸው። በዕድሜ የገፋው ሁልጊዜ ይቀድማል። ወጣቱ የልጅ ልጅ ለከርሞ ይደርሳል፣ የሰማንያ ዓመቷ አያት ላይደርሱ ይችላሉ።

የሰዎችን ዲኤንኤ መርምረው ውጤቱን በማኅደር የሚያመሳክሩ ድርጅቶች አሉ፤ ትልቁ ማኅደር ያለው አንሴስትሪ የተባለው ነው፤ የሌላ ድርጅት ውጤት ስለማይቀበል እዚያው መመርመር ግድ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ጥሬ ፋይሉን አውርደው የሌላ ድርጅት ውጤት ወደሚቀበሉት ማኅደሮች፣ ወደ ጄድማች እና ወደ ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ፣ ይጫኑት። ልጁ ወደ አውሮፓ ሄዷል ብለው ከጠረጠሩ ማይሄሪቴጅ የተባለው ድርጅትም መጨመር አለበት። ሁለት አገሮች ልዩ ናቸው። ፈረንሳይ እንዲህ ያለውን ምርመራ ለግል ማዘዝ በሕግ ትከለክላለች። በእስራኤልም ዝምድናን የሚለይ ምርመራ በጄኔቲክ መረጃ ሕጉ መሠረት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ማይሄሪቴጅ የእስራኤል ድርጅት ሆኖ ሳለ እዚያ መመርመሪያውን አይሸጥም። ስለዚህ በሱዳን መንገድ ልጅ የጠፋበት የቤተ እስራኤል ቤተሰብ በማኅደር ላይ ብቻ ከመጠበቅ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ቢያስመረምር ይሻላል።

መመርመሪያው ብዙ ጊዜ አገር ቤት የሚደርሰው በሰው እጅ ነው። ሰውየው ከመነሳቱ በፊት የምራቅ ቱቦውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያስመዝግብ፣ ፎቶም ያንሳው። ያልተመዘገበ ቱቦ ላቦራቶሪ ቢደርስም ባለቤት የለውም።

አወሳሰዱ ላይ ሰው የሚሳሳተው በትንሹ ነገር ነው። ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ ማስቲካ የለም። ጫት የያዘ አፍ እስኪጠራ ይቆይ። አዛውንት ምራቅ ይደርቅባቸዋል፣ በጾም ቀን ደግሞ ይብሳል። አስቀድመው ውኃ ይስጧቸው፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ከውጭ በጣት ያሹላቸው፤ ሎሚ ሲቆረጥ ማየትም ምራቅ ያመጣል። ቱቦው የሚሞላው አረፋው ሳይቆጠር እስከ መስመሩ ነው፣ አረፋውን የቆጠረ ናሙናው ያንሳል ይባላል። ምራቅ ጨርሶ እምቢ ካለ የጉንጭ ጥጥ የሚጠቀሙትን ማይሄሪቴጅን ወይም ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤን ይምረጡ። ከተዘጋ በኋላ ክዳኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከምራቁ ጋር እንዲቀላቀል ይናጥ። ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ፀሐይ ላይ ግን አይቀመጥ።

ባልና ሚስት በአንድ ቀን ሲሰጡ ቱቦ መቀያየር የተለመደ ነው። የአንዱ ታሽጎ ስም ሳይጻፍበት የሌላው አይከፈት።

ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። የሚታየው የጋራ ዘረመል መጠን በሴንቲሞርጋን፣ ማለትም በዘረመል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዝምድናው ይቀርባል። ወላጅና ልጅ ወደ 3,400 ወይም 3,500 ይጋራሉ፣ ይህ ቁጥር አያወዛግብም። የአንድ እናትና አባት ልጆች በአማካይ 2,600 አካባቢ ናቸው። 1,750 አካባቢ ሲመጣ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፤ አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎት ወይም አክስትና የወንድም ልጅ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ሁሉም እዚያው ይወድቃሉ። የሚለያቸው ዕድሜ ነው። ለ75 ዓመት እናት 1,750 ሆና የመጣች የ20 ዓመት ልጅ የጠፋው ልጅ ልጅ ልትሆን ትችላለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስለ ወላጆቿ ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 870 አካባቢ ናቸው። ከ40 በታች ያለውን ይተዉት፣ ጊዜዎን ይበላል።

ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ቤተሰብ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ዘመድ ከዘመድ ስለማይጋባ ቁጥሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ከዚያም በላይ አዛውንቱ እስከ ምንዥላት ድረስ ስም ይጠራሉ። የዲኤንኤ ማኅደሩ ለሩቅ ዘመድ የሚጠይቀውም ይህንኑ ስም ነው። በአንጻሩ እንደ አፋር አብሱማ ያለ የዘመድ ጋብቻ ባለበት አካባቢ ሩቁ ዘመድ ቅርብ መስሎ ይታያል፤ አንድ ደረጃ ቀንሶ ማሰብ ነው።

ምንም ካልተገኘ? የኢትዮጵያውያን ቁጥር በእነዚህ ማኅደሮች ውስጥ ትንሽ ነው፣ ያሉትም በአብዛኛው ውጭ የሚኖሩና በጉዲፈቻ የሄዱ ናቸው። ውጤቱ ዛሬ ባዶ ቢሆንም ናሙናው እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። በወር አንድ ጊዜ ገብቶ ማየት፣ የይለፍ ቃሉንም ቤት ውስጥ ለሌላ አንድ ሰው መስጠት ያስፈልጋል፤ መለያውን የከፈተው ሰው ሲሞት ፍለጋው አብሮ የቆመበት ቤት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሌላው የዲኤንኤ ድርጅት ከትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መሰረቁን ማወቅም ደግ ነው። ለእናትየው ይህን ነግሮ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትዝታን በጽሑፍ ማውጣት

ውጤቱ እስኪመጣ ሽማግሌዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ። አንድ ላይ ከተቀመጡ ጮክ ብሎ የሚናገረው ትዝታ የሁሉም ትዝታ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም። በስልክ ይቅረጹ፣ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ። «ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር አይደል?» ብለው ከጠየቁ እናት አዎ ይላሉ። «ምን ለብሶ ነበር?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ከዚያ «ከዚያስ?» ብቻ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ካወራ ሁለቱንም ይጻፉ፣ አያስታርቁ።

ዕድሜን ማግኛ ጥሩው መንገድ ክርስትና ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሱ እናት ዓመቱን ቢረሱ እንኳ ቀኑን ያስታውሳሉ። «ጥር 12፣ የሚካኤል ዕለት ክርስትና ተነሳ» ካሉ ልጁ የተወለደው በታኅሣሥ 2 አካባቢ ነው፤ ሴት ብትሆን በጥቅምት 22 አካባቢ። የክርስትና አባትን ወይም እናትን ስም በዚያው ይጠይቁ፣ ማንም ያልጠየቀው ምስክር እሱ ነውና። የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙን፣ አያቱ የሚጠሩትን የቁልምጫ ስም ሁሉ ይመዝግቡ። በእስልምና ቤተሰብ ደግሞ የስም ማውጫው ዕለትና የበዓላቱ ዘመን ይረዳሉ። ዓመቱ ከጠፋ «ታላቅ እህቱ ስንተኛ ክፍል ነበረች?»፣ «ሰብል ደርሶ ነበር?»፣ «ጾም ገብቶ ነበር?» ይበሉ።

ከዚያ ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ያስቀምጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል፤ ጥቅምት 1977 ኦክቶበር 1984 ነው፣ ሚያዝያ 1977 ግን ኤፕሪል 1985። ፈረንጅ ቅጽ ላይ «1977» ብሎ ዝም የሚል ሰው ልጁን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ መዝገብ የሚፈልገውም ባለሙያ በተሳሳተ ሳጥን ውስጥ ይፈልጋል። ከስሕተቶች ሁሉ የበዛው ይህ ነው።

የሰውነት ምልክቶችን በቦታቸው ይጻፉ፦ ማርያም የሳመችው ምልክት በየትኛው ትከሻ፣ ቅንድብ አጠገብ ብጣት፣ የተቆረጠ እንጥል፣ የእሳት ጠባሳ፣ ስድስተኛ ጣት፣ የክትባት ጠባሳ በየትኛው ክንድ። የክትባት ጠባሳ ብዙ ሰው ላይ ስላለ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ የተቆረጠ እንጥልም እንዲሁ። የቆዳ ቅላትና የፀጉር ልስላሴ ይለወጣሉ።

አሁን ከዝርዝሩ ውስጥ ሦስት ነገር መርጠው ይደብቁ። ጥሩ ምርጫ ማንም የማይገምተው ምልክት፣ የቁልምጫ ስሙ፣ ልጁ ሲለይ አብሮት የነበረው ሰው ነው። እነዚህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፣ ፖስተር ላይም በስልክም አይነገሩ።

መዝገብ የት የት አለ

ኢትዮጵያ ውስጥ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት አይጠብቁ። የሚፈለገው ሌላ ወረቀት ነው፣ እሱም ልጁ በሄደበት መንገድ ይለያያል።

በ1977 መጠለያ ወይም ሰፈራ ላይ የተለየ ከሆነ የቦታውን ስም በዘመኑ አጠራር ይያዙ። ባቲ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች፣ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናት። ሰፈራ የተካሄደባቸው ፓዌ በጎጃም፣ አሶሳ በወለጋ ሥር ነበሩ፣ ዛሬ ሁለቱም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ናቸው። ማመልከቻ ላይ ሁለቱም ስም ይጻፍ። ሰፈራው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 600,000 ሰው ያንቀሳቀሰ ስለነበር ልጅ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተቆጥሮ መጫኑ የሚገርም አይደለም፤ በሰፈራ መንደሮቹ ያሉ የዘመኑን ሰዎች መጠየቅ ከወረቀቱ ይበልጥ ያስገኛል።

ወላጅ አልባ ተብሎ ማሳደጊያ ከገባ ማሳደጊያውን ይለዩ፦ አላጌ የነበረው ሕፃናት አምባ፣ የአበበች ጎበና ድርጅት፣ መቐለ ያለው የኤስኦኤስ መንደር፣ የሚሲዮን ቤቶች። አብረው ያደጉ ሰዎች ማኅበርና የቴሌግራም ቡድን ካላቸው መዝገብ ቤቱ ከሚመልሰው በፊት እነሱ ይመልሳሉ።

የተጠፋፋችሁት በጦርነት፣ በድርቅ ወይም በስደት ከሆነ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሄደው የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት ይጠይቁ። ነጻ ነው። ውጭ ያለ ሰው በሚኖርበት አገር ቀይ መስቀል ያመለክታል፤ በእስራኤል ማጌን ዳቪድ አዶም ነው። የልጁን ስም ከነአባትና አያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና እንዴት እንደተለያያችሁ ይዘው ይሂዱ። የተፈለገው ሰው ሳይፈቅድ አድራሻው አይሰጥም፣ በዚህ አይቆጡ። ስልክ ቁጥር ሲቀይሩ ተመልሰው ያሳውቁ፤ መልስ መጥቶ ጠያቂው የጠፋበት ጊዜ አለ።

በውጭ ጉዲፈቻ የሄደ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን ያቆመችው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ አሜሪካ 2,500 ያህል ልጆች ሄደዋል፣ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድና ዴንማርክም ወስደዋል። ፋይሉ በማሳደጊያው፣ ጉዲፈቻውን ባጸደቀው ፍርድ ቤት፣ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውጭው ኤጀንሲ ዘንድ ይኖራል። ከሁሉም የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይቅደም፣ አሳዳጊዎቹ ማን እንደሆኑ የሚገኘው እዚያ ነው። ፋይሉን ግን እንደ ወንጌል አይመኑት። ዕድሜ ተቀንሶ፣ በሕይወት ያለች እናት ሞታለች ተብሎ፣ መንደሩ ተቀይሮ የተጻፈበት ፋይል አለ። እናቱ ሞታለች የተባለ ልጅ እናቱን አይፈልግም፣ ዘሩን ለማወቅ ብሎ ግን ምራቅ ይሰጣል። የእናትየው ናሙና ማኅደር ውስጥ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

ስም ሲፈልጉ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሁሉ ይሞክሩ። በ«ጸ» የሚጀምር ስም በቲ-ኤስ፣ በቲ-ዜድ ወይም በኤስ ብቻ ይጻፋል፣ «ቀ» በኪው ወይም በኬ። ውጭ አገር የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ የራሱ ስም ደግሞ በመካከል ገብቶ ይገኛል።

ልጁ በሰው ተሰርቋል የሚል ጥርጣሬ ካለ ፖሊስ ጋር አመልክተው የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። የቀድሞው መዝገብ መጥፋቱ አዲስ ከማስከፈት አያግድም።

ልጥፉና ፎቶው

አሁን ነው የፌስቡክ ተራ። ዘመኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቦታው በድሮውና በዛሬው ስም፣ ያኔ የነበረው ዕድሜ፣ የእናትና የአባት ፎቶ ልጁ ዛሬ ባለበት ዕድሜ አካባቢ የተነሱት። ጎልማሳ ሰው መስተዋት ላይ የሚያየው የአባቱን ፊት ነውና ይህ ከሕፃን ፎቶ ይልቅ ይሠራል። የቆየ ፎቶ ካለ በስካነር በ600 ዲፒአይ ጥራት ይገልበጥ፣ ስልክ «አሳምሬዋለሁ» ያለውን አይጠቀሙ። በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ «ዛሬ እንዲህ ይመስላል» ምስል መለጠፍ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሰው ያንን ፊት ይፈልግና እውነተኛውን ያልፈዋል። አሜሪካ ያለው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ይህን የሚያሠራው በሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው፤ ልጁ 18 ከሞላ በኋላም በየአምስት ዓመቱ ያድሰዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል አዲስ ሲም ይዘጋጅ፣ የሚያነሳውም አንድ ሰው ይሁን።

የሚደውሉት ሦስት ዓይነት ናቸው። አጭበርባሪው ቶሎ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ለሕክምና፣ ለቪዛ፣ ለትራንስፖርት። አይላክም፣ አንድ ብርም። ሁለተኛው ከልቡ ቤተሰብ የሚፈልግ ግን የእናንተ ያልሆነ ነው፤ በርኅራኄ ያነጋግሩት፣ ምርመራም እንዲያደርግ ይምከሩት። ሦስተኛው ልጁ ነው። የሚለዩት በደበቋቸው ሦስት ነገሮች ነው፣ አጠያየቁ ግን ክፍት ይሁን። «ትከሻህ ላይ ምልክት አለህ?» ሳይሆን «ሰውነትህ ላይ ከልጅነት ጀምሮ ምን አለ?» ነው የሚባለው። በሁለት ዓመቱ የሄደ ሰው የቁልምጫ ስሙን ላያስታውስ ይችላል፤ አለማስታወሱ ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ምልክቱ ግን መግጠም አለበት።

መጀመሪያ የሚላከው መልእክት

ማኅደሩ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ሲታይ እናት በዚያው ሌሊት መደወል ይፈልጋሉ። ያዟቸው። ያ ሰው በጉዲፈቻ መወሰዱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። እሱ በሚያነበው ቋንቋ እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዲኤንኤ ውጤታችን የቅርብ ዘመዳሞች መሆናችንን ያሳያል። የኛ ቤተሰብ ከወሎ ነው። ስለ ዝምድናው የሚያውቁት ካለ ወይም ማወቅ የሚፈልጉት ካለ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ። መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ።»

«እናትህ ነኝ» አይባልም፣ ፎቶ አይላክም፣ ስለ ችግርና ስለ ገንዘብ አይነሳም። ሦስት ሳምንት ይጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙ። ዝም ካለ መልእክቱ እዚያው ይቆይለት፤ ከዓመት በኋላ የሚመልሱ አሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ አሳድዶ ለባለቤቱ ወይም ለልጆቹ መጻፍ በሩን ይዘጋል።

ሁለቱም ከተስማሙ ከመገናኘታቸው በፊት በታወቀ ላቦራቶሪ፣ ማንነት ተረጋግጦ ናሙና የሚወሰድበት ሁለተኛ ምርመራ ይደረግ። የወላጅና የልጅ ከሆነ ከ99.99 በመቶ በላይ ብሎ ይመልሳል፤ ለዜግነት፣ ለውርስና ለፍርድ ቤት የሚያገለግለው ይኸኛው ወረቀት ነው። ለመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ የዘመድ አስተርጓሚ አይቀመጥ። ዘመድ የሚያፍርበትን ጥያቄ አለስልሶ ይተረጉማል፣ «ለምን ተዋችሁኝ?» የሚለው ደግሞ ሳይለሰልስ መድረስ አለበት። እናትየው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ አስቀድመው ከሚያምኑት ሰው ጋር ይነጋገሩበት። ከተገናኙ በኋላ በቀይ መስቀልና በፖሊስ ያለው መዝገብ እንዲዘጋ ያመልክቱ፣ ፖስተሩና ልጥፉም ይውረድ፤ ስሙንና ታሪኩን በአደባባይ ማውጣት አለማውጣት የተገኘው ሰው ውሳኔ ነው።